ልጄ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ልትጨርሰው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ጨረሰች፣ ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ተጋድማ ቲክቶክ ነው፣ ቻርጀሩ ራሱ ከግድግዳው ተነቅሎ አያውቅም። ሰመር ካምፕ የሚሉትን ጠይቄ የጠሩልኝ ብር ደሞዜን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ ታናሽ ወንድሟም አለ። ብዙ ሳላወጣ ምን ላድርጋት? (እናት፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰመር ካምፑ ስለቀረ ምንም አይቆጭሽ። አምስት ነገርም አታስጀምሪያት፣ አንድ ነገር ትያዝና እንቁጣጣሽ ሲደርስ «ይሄን ሰራሁ» ብላ የምታሳይሽ ይኑራት። ምርጫው ደግሞ የሷ ይሁን፣ እኛ እናቶች መርጠን ያስገባናቸው ነገር ሁለት ሳምንት አይዘልቅም።

ስልክ ከወደደች በዛው በስልኩ ያዣት። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና የሚባለው አለ፣ ሐምሌ 2016 ነው የተጀመረው፣ በኦንላይን ነው፣ በነፃ ነው፣ ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ አለው፣ ለጨረሰ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ኮርሱ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትሰላቻለች፣ ከጓደኛዋ ጋር ብትጀምር ይሻላል። ቤት ውስጥ ረብሻ ከሆነ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ፣ 4 ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት በ2014 የተከፈተው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ከኮተቤ በመገናኛ ሁለት ታክሲ ነው፣ ምሳ ቋጥራ ከሄደች ወጪሽ ትራንስፖርቱ ብቻ ነው፣ ጃንጥላ እንዳትረሳ እንጂ።

ማጠናከሪያ አስገቢያት ቢሉሽ ግን እኔ አልስማማም። የ11ኛ መጽሐፎች ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ሞልተዋል፣ ለታናሽ ወንድሟና ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ ታስጠና፣ እሷም ይበልጥ የሚገባት ያኔ ነው። ወረዳችሁ የክረምት በጎ ፈቃድ ካለው ሄዳ ትመዝገብ፣ ችግኝ ተከላም ይሁን የአቅመ ደካሞች ቤት ማደስ ያገኘችውን ትሞክር።

እኔ ግን በጣም የማምንበት ስራ ማየትን ነው። 11ኛ ላይ ናቹራል ወይ ሶሻል ልትመርጥ ነው እኮ፣ አብዛኞቹ ጓደኛቸው የገባበትን ነው የሚገቡት። የማታውቂው ሰው ጋ ሳይሆን ዘመድ ወይ ጎረቤት ጋ፣ ፋርማሲም ይሁን ልብስ ስፌት፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ ትይ። የኔን ልጅ አምና እንጨት ስራ ያለው አጎቱ ጋ ላክሁት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣቱ ላይ ኮላ ደርቆበት እየመጣ አንድ በርጩማ ሰርቶ አመጣልኝ። አንዱ እግር ያጥራል፣ ካርቶን አጥፈን ደግፈነዋል፣ ቡና ሲፈላ ከሱ ሌላ ላይ አልቀመጥም።

ተቀጥራ ልትሰራ ከሆነ ግን ሕጉን እወቂ፣ በአዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፣ ከ15 እስከ 18 ያሉት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰሩም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይቻልም። «ትልመድ» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያለፋት ካለ ነገ አትሂድ። ፀጉር ቤት እሰራለሁ ብትልሽ ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪባት፣ ሹሩባ ከለመደች 12ኛ ክፍል ሆናም የታክሲ ብር አትጠይቅሽም።