ቁርባን የእኛ ብቻ ቃል ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምሠራው ፒያሳ ነው። ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ስለ አረፋ ስናወራ፣ የአዳም ልጆች ያቀረቡት መሥዋዕት በቁርኣንም «ቁርባን» እንደሚባል ነገረችኝ። ግራ ገባኝ። ቃሉ የማን ነው? ከልጅነቴ ወዲህ ስላልቆረብኩም ነው መሰለኝ፣ ነገሩ ከነከነኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ባልደረባሽ ልክ ናት። አትደንግጪ። ቃሉ ከሁላችንም ይቀድማል። በኦሪት ዘሌዋውያን፣ በዕብራይስጡ፣ እስራኤላውያን ለእግዚአብሔር የሚያመጡት በሬም በግም «ቆርባን» ይባላል። ሥሩ እኛ «ቀረበ» የምንለው ነው። ግዕዝም፣ ዐረብኛም፣ ሶርያኛም ይህን ሥር ይጋራሉ። ቱርኮች አረፋን «ኩርባን ባይራም» ይሉታል። የሶርያ ክርስቲያኖች ደግሞ «ቁርባና» ሲሉ እንደኛው ቅዳሴውንና ሥጋ ወደሙን ነው።

ማርቆስ 7፥11ን አንብቢ። አንዳንዱ ወላጆቹን መጦር ሲገባው «የምረዳችሁ ገንዘብ ቁርባን ሆኗል» ይል ነበር። ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ማለቱ ነው። እናት አባት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ጌታችን ይህን አጥብቆ ወቀሰ። ቃሉ የተቀደሰ ነበር፣ ሥራው ግን ጭካኔ።

በእኛ ዘንድ ሰው በግ ይዞ አይመጣም። የሚሠዋው በግ ክርስቶስ ራሱ ነው፤ እኛ ቀርበን እንቀበለዋለን። ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። «ቆረበ» ስንል ቀረበ ማለታችን ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጥያቄሽ መጨረሻ ነው። እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስም ሆነ ሌላ ደብር ብትሄጂ፣ ለመቁረብ የሚሰለፉት በአብዛኛው የታቀፉ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ወጣቱ ዳር ቆሞ ያያል። ካህኑ እጁን ታጥቦ ውኃውን ወደ ሕዝቡ እያራገፈ «ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» ሲል፣ ብዙው ሰው «እኔን ነው» ብሎ ይሸሻል። ያ ቃል ግን ንስሐ ግቡ ነው የሚለው። እስከ እርጅና ጠብቁ አላለም! ኃጢአት የሌለበት ሰው እስኪገኝ ቢጠበቅማ ማን ይቆርባል?

ስለዚህ የንስሐ አባት ከሌለሽ ያዢ። ተናዘዢ፣ የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ። ሲፈቅዱልሽ 18 ሰዓት ጾመሽ፣ ነጠላሽን መስቀለኛ አጣፍተሽ ቅዳሴው ሳይጀመር ድረሺ። ከቆረብሽ በኋላ የቅዳሴ ጠበል ጠጪ። በሥራ ቀን ካልተመቸሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን እዚያው ግቢ ውስጥ ማነጋገር ትችያለሽ።