የአንባቢያን ጥያቄ፦ የኢ-ዲስከቨሪ ሶፍትዌር ለመሞከር ሕግ መማር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ለጠበቆች የኢ-ዲስከቨሪ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ሞካሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ አምስት ወሬ ነው። በፊት የምሞክረው የባንክ መተግበሪያ ነበር። የጻፍኳቸው ሙከራዎች ሁሉ ያልፋሉ፤ ጠበቆቹ ግን እኔ ያላየሁትን ስህተት ያገኛሉ። ሕግ መማር ይኖርብኝ ይሆን? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ዲግሪው አያስፈልግዎትም። ጠበቃው ሰነዱን ለተቃራኒ ወገን ሲያስረክብ ስለ ምን እንደሚጠየቅ ግን ማወቅ አለብዎት። ለሌሎች አንባቢያን፦ በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክርክር ተከራካሪዎች ጉዳዩን የሚመለከቱ ኢሜይሎችና ፋይሎችን ይለዋወጣሉ (ኢ-ዲስከቨሪ የሚባለው ይህ ነው)፤ የፌዴራሉ የሥነ ሥርዓት ደንብም እ.ኤ.አ. በ2006 ተሻሽሎ ኤሌክትሮኒክ መረጃን በግልጽ አካቷል። ሶፍትዌሩ ይህንን ሁሉ ይሰበስባል፣ ያጣራል፣ ለርክክብ ያዘጋጃል።

የባንክ ሒሳብ ሲሳሳት አልገጥም ይላል። እዚህ ግን አንድ ፋይል ቢጠፋ ማንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይቁጠሩ። 1,000 ፋይል ካስገቡ፣ ለግምገማ የቀረበው፣ በድግግሞሽ የተቀነሰው፣ የሲስተም ፋይል ተብሎ የተጣለውና በይለፍ ቃል ተቆልፎ ያልተከፈተው ተደምሮ 1,000 መምጣት አለበት። ያልተከፈተው በስህተት ዝርዝሩ ላይ በስሙ ካልተጻፈ ሙከራው ወድቋል።

ድግግሞሽ ላይ ብዙ ሞካሪ ይሳሳታል። አንድ ውል ለብቻው ፎልደር ውስጥ፣ እንዲሁም ከሁለት የተለያዩ ኢሜይሎች ጋር ተያይዞ ይገኝ እንበል። የሦስቱም ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አንድ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ቢያስወግድ ለሞካሪው ትክክል ይመስላል። ለጠበቃው ግን ውሉ ለማን እንደተላከ የሚያሳየው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። ኢሜይልና አባሪው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚነጻጸሩትም አብረው ነው። ስለዚህ ከአምስቱ መዝገቦች (ሁለት ኢሜይል፣ ሁለት አባሪ፣ አንድ ነጠላ ፋይል) አንድም መጉደል የለበትም። ያው ኢሜይል በሁለት ሰዎች ሳጥን ከተገኘ አንዱ ይቀነሳል፤ የሁለቱም ስም ግን መመዝገብ አለበት።

ከሁሉ አደገኛው ማጥቆር ነው። የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ያለበት አንቀጽ ላይ ጥቁር ሳጥን ተደርጎ ምስሉ ያምራል፤ ጽሑፉ ግን ከሥር እንዳለ ሊቀር ይችላል። ሌላ ቦታ የማይገኝ ቃል፣ ለምሳሌ «ዘንባባ77»፣ በአንድ ኢሜይል ርዕስና አካል ውስጥ ያስገቡ፤ ሁለቱንም ያጥቁሩ፤ ርክክቡን ያውጡ። ከዚያ ቃሉን በጽሑፍ ፋይሉ፣ በሎድ ፋይሉ (ከሰነዶቹ ጋር የሚሰጠው የመረጃ ሠንጠረዥ) የርዕስ ዓምድ፣ በፋይሉ ስምና በዋናው ፋይል ቅጂ ውስጥ ይፈልጉ። አንዱ ጋ ከተገኘ ምስጢሩ ወጥቷል። የማስረጃ ደንብ ቁጥር 502 በስህተት ለወጣ ምስጢር ጥበቃ ቢሰጥም፣ ጠበቃው በቂ ጥንቃቄ አድርጎ እንደሆነ ሊመረመር ይችላል።

ሰዓትም አለ። ዲሴምበር 31 ቀን 2023 በኒውዮርክ 20:30 የተላከ ኢሜይል በዩ.ቲ.ሲ. (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ 01:30 ነው። ጥያቄው «የ2023 ኢሜይሎች» ከሆነ፣ ይህ ኢሜይል መውጣት አለመውጣቱ በሰዓት ሰቁ ምርጫ ይወሰናል። የትኛው እንደሆነ ገንቢውን ሳይሆን ጠበቃውን ይጠይቁ።

አማርኛ ማንበብዎም ይጠቅማል። በጉዳዩ ውስጥ የአማርኛ ሰነድ ካለ «ኃይሌ»ን ፈልገው «ሀይሌ» እና «ሃይሌ» መውጣታቸውን ይዩ። ካልወጡ ጠበቃው ሦስቱንም መጻፍ እንዳለበት መመሪያው ላይ ይስፈር።

ለሙከራ ብዙዎች የሚጠቀሙት የከሰረውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የኤንሮንን ኢሜይሎች ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል መልእክት ስላለው ለፍጥነት ሙከራ ጥሩ ነው። በሰፊው የተሠራጨው ቅጂ ግን አባሪ ስለሌለው ለቤተሰብ ሙከራ አይሆንም። ውጤቱን አስቀድመው በእጅ የጻፉለት 40 ፋይል ራስዎ ያዘጋጁ፤ የጻፉትንም ውጤት ሰነድ የሚያስረክብ የጠበቃ ረዳት ይይልዎት።