አራሷ አቆስጣ ልጇን ጥላ የት ሄደች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሁለት ወር አራስ ነኝ። ሌሊት ሕፃኑን ሳጠባ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። በደቡብ ዋልታ በኩል ያለች አንዲት ትልቅ አቆስጣ (ባሕር ውስጥ የምትኖር አጥቢ እንስሳ) ግልገሏን ሦስት ሳምንት አጥብታ ጥላው ባሕር ገባች፤ አልተመለሰችም። በጣም ተናደድኩ። ምን ዓይነት እናት ናት? ደግሞስ በዚያ ብርድ የት ሄዳ ምን ትበላለች? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ያየሻት ዝሆን አቆስጣ ትመስለኛለች። ዝሆን ያሰኛት የወንዱ አፍንጫ ነው፤ ኩምቢ ይመስላል።

በእናትነቷ ግን አትፍረጂባት። እኛ ቤት አራስ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል። እሷ ግን ጥቅምት አካባቢ እንደ ሳውዝ ጆርጂያ ያለ ደሴት ላይ ወጥታ ወልዳ፣ 23 ቀን ገደማ ስታጠባ አንዲት ዓሣ አትቀምስም። ወተቱ ሁሉ ከገዛ ስቧ ነው የሚወጣው። 40 ኪሎ አካባቢ ሆኖ የተወለደው ግልገል ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ እሷ ከክብደቷ ሲሶ ያህሉን ታጣለች። ከዚህ በላይ ከየት ታምጣ?

ስለዚህ ትሄዳለች። ከሁለት ወር በላይ በልታ ጥር አካባቢ ፀጉሯን ልትቀይር ትመለሳለች፣ ያኔም የብስ ላይ ጾሟን ነው። ከዚያ ረጅሙ ጉዞ ይመጣል፤ ሰባት ስምንት ወር፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዶቹ እስከ አንታርክቲካ በረዶ ጠርዝ ድረስ። ያውም ፀንሳ ነው፤ የምታጠራቅመው ስብ የሚመጣው ልጅ ስንቅ ነው።

ምግቧ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳና ገላቸው የሚያበራ ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ዓሦቹ ቀን ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፣ ማታ ከፍ ይላሉ፣ እሷም እየተከተለች ከ400 እስከ 800 ሜትር ትጠልቃለች፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቆይታ፣ ወደ ላይ ወጥታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተንፍሳ እንደገና፣ ሌትም ቀንም። ከ2,000 ሜትር በላይ የወረዱም ተመዝግበዋል። የሚገርመው፣ ስትጠልቅ ሳንባዋን ሞልታ ሳይሆን አየሩን አስወጥታ ነው። ኦክስጅኑን የምትይዘው በደሟና በጡንቻዋ ነው። ጨለማው ውስጥ ደግሞ ትልልቅ ዓይኖቿና የውኃውን ንቅናቄ የሚያውቀው ጢሟ አሉላት። ብርዱን ለስቧ ተይው።

ይህ እንዴት ታወቀ ካልሽ፣ ተመራማሪዎች ጭንቅላቷ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይለጥፋሉ። ፀጉሯን ስትቀይር አብሮ ይወድቃል። እስከዚያው የውኃውን ሙቀትና ጨው ሳይቀር እየለካ በሳተላይት ይልካል፣ ክረምት ላይ መርከብ ከማይደርስበት ቦታ ጭምር። ደሞዝ የለሽ ሠራተኛ በያት!

ግልገሉም አልሞተም ብለሽ ተኚ። አብዛኞቹ እናታቸው በሞላችላቸው ስብ ባሕሩ ዳር አንድ ወር ተኩል ያህል ይቆዩና፣ ዳር ዳሩን ዋና ይለማመዱና፣ አንድ ቀን ማንም ሳያስተምራቸው ዓሣ ፍለጋ ይሄዳሉ።