የ1978ቱ «ሃሎዊን» ከነካሴቱና ዲስኮቹ፦ ጥያቄና መልስ

ጭምብል ስላጠለቀ ገዳይ ስለሚተርከው ስለዚህ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልምና በየጊዜው ለቤት ስለወጡት ቅጂዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁ ባልኩት መሠረት የመጡት ጥያቄዎች እነሆ። (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ እውነት በትንሽ ብር ነው የተሠራው?

መልስ፦ ወደ 300 ሺህ ዶላር ነው የፈጀው። የገዳዩ ጭምብል ከሱቅ የተገዛ የካፒቴን ከርክ (የ«ስታር ትሬክ» ገጸ ባህሪ) ጭምብል ነው፤ ዋጋው 2 ዶላር እንኳ አይሞላም። የፊልሙ ዲዛይነር ቶሚ ሊ ዋላስ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፍቶ ነጭ ቀለም ቀባው፣ በቃ። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ያልሰሰተው በካሜራው ላይ ነው፤ ሰፊ ምስል በሚሰጠው የፓናቪዥን ሌንስ ነው የቀረፀው።

ጥያቄ፦ ድሮ በካሴት አይቼው ምንም አላስፈራኝም። ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሙሉውን አላየኸውም። የፊልሙ ምስል ወርዱ ከቁመቱ 2.35 ለ 1 ሲሆን የያኔው ቴሌቪዥን ደግሞ 1.33 ለ 1 ነበር። ካሴቱ ስክሪኑን እንዲሞላ ሲባል ከምስሉ ከመቶ 40 በላይ የሚሆነው ከጎንና ከጎን ተቆረጠ። ይህ ፊልም ደግሞ የሚያስፈራው በዳር በዳሩ ነው፤ ገዳዩ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚታየው።

ጨለማውም አለ። ዋናዋ ገጸ ባህሪ ሎሪ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ከአጠገቧ ያለው በር ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ነጩ ፊት ቀስ እያለ ብቅ ይላል። የካሜራ ባለሙያው ዲን ከንዲ ብርሃኑን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረገ ነው ያወጣው። ያረጀ ካሴት ላይ ጥቁሩ ግራጫ ስለሚሆን ያ ሁሉ ልፋት ይጠፋል። እኔ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ዲስኮቹ ለምን ቀለማቸው ይለያያል?

መልስ፦ ታሪኩ የሚፈጸመው ኢሊኖይ ውስጥ ቅጠል በሚረግፍበት በኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ የተቀረፀው ግን ዛፍ በሚለመልምበት በ1978 ጸደይ፣ ካሊፎርኒያ ሳውዝ ፓሳዴና አካባቢ ነው። ዛፉ ሁሉ ለምለም ነበር። የደረቀ ለማስመሰል ቅጠል ቀለም ቀብተው በየመንገዱ ይበትኑና ትዕይንቱ ሲያልቅ ለቅመው ለሌላው ያውሉት ነበር። የቀረውን የቅጠል መርገፊያ ወቅት ስሜት የሚሰጠው የቀለም እርማት ነው፤ እሱ ደግሞ ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። ከንዲ ራሱ የተቆጣጠረው የ1999 ዲቪዲ ቀኑ ሞቅ ያለ ብርቱካናማ፣ ሌሊቱ ሰማያዊ ነው። የ2007ቱ ብሉሬይ ያንን ትቶት አረንጓዴው ፍጥጥ ብሎ ወጣ። በ2013 ለወጣው ብሉሬይ ከንዲ ቀለሙን እንዲቆጣጠር እንደገና ተጠራ። ዛሬ የሚገዛ ሰው ስክሪም ፋክተሪ የተባለው ድርጅት በ2021 ያወጣውን 4ኬ (ከብሉሬይ የላቀ ጥራት ያለው ዲስክ) ይያዝ፤ ካሜራው ውስጥ ከነበረው ከዋናው ኔጋቲቭ የተቀዳ ነው።

ጥያቄ፦ ረዘም ያለ ቅጂ አለ ይባላል?

መልስ፦ አለ። በ1981 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ ሲያሳየው ወደ 12 ደቂቃ ተጨመረበት፤ ተጨማሪው የተቀረፀውም ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ ነው። መጀመሪያ ግን ዋናውን እዩ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ዲስኩ አዲስ አበባ ይሠራልኛል?

መልስ፦ 4ኬው የአካባቢ ኮድ (ዲስኩ በተወሰነ የዓለም ክፍል ማጫወቻ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ገደብ) ስለሌለው የ4ኬ ማጫወቻ ካለሽ ይሠራል። ተራ ብሉሬይ ከሆነ ግን የአሜሪካው «ኤ»፣ የአፍሪካው «ቢ» ነው፤ ሳታስመጪ በፊት ማጫወቻሽ ሁለቱንም መቀበሉን እይ።