ስልኩ ኢንተርኔት ሲያጣ ስማርት ሰዓቱስ?

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ስራመድ የምጠቀምበትን ስማርት ሰዓት ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዱባይ ልሄድ ነው። የሮሚንግ ወጪን ፈርቼ ስልኬን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ባቆየው ሰዓቱ ይሠራል?

መልስ፦ አዎ፣ ይሠራል። ሰዓቱ ከስልክዎ ጋር የሚገናኘው በብሉቱዝ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም እርምጃዎንና የልብ ምትዎን ይመዘግባል፤ የራሱ ጂፒኤስ ካለውም ምልክቱን በቀጥታ ከሳተላይት ስለሚቀበል የሄዱበትን መንገድ ይይዛል፤ ብቻ አዲስ አገር ላይ ቦታውን እስኪለይ ገላጣ ስፍራ ላይ ጥቂት መታገሥ ሊኖርብዎ ይችላል። የሚያጡት የቴሌግራም መልእክትና የአየር ሁኔታ መረጃ ነው፤ ለዕረፍት ለሚሄድ ሰው ይህ እንደ ጉዳት መቆጠሩን እንጃ። ይልቁንም ሊያሳስብዎ የሚገባው፣ ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ስለምትቀድምና የእጅ ሰዓቱ ጊዜውን ከስልኩ ስለሚወስድ፣ ሁለቱም የባሕር ዳርን ሰዓት ይዘው ሊቆዩ መቻላቸው ነው። ስለዚህ እንደደረሱ በስልክዎ ሴቲንግ ገብተው የሰዓት ክልሉን ራስዎ ይቀይሩ፤ ኤርፕሌን ሞዱ ብሉቱዙንም አጥፍቶት ከሆነ መልሰው ያብሩት።