ብዙ ለሮጠ ሞተር የቱ ዘይት? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሞተር ስፈታና ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለ አሮጌ መኪና ዘይት የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬያለሁ። አንዳንዱን መልስ በአጭሩ ካለፍሁት አትቀየሙኝ።

ጋሼ፣ መኪናዬ 240,000 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። መመሪያው መጽሐፍ 5ደብሊው-30 ይላል። መካኒኬ ግን «ያረጀ ሞተር የሚወደው ወፍራም ነው» ብሎ 20ደብሊው-50 ሊሞላልኝ ነው። ማንን ልስማ?

ከሁለቱም በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስማ። በሁለት የዘይት ቅያሪ መካከል ምን ያህል እንደሚጎድል ታውቃለህ? የማይጎድል ከሆነ፣ ጭስም ከሌለ፣ የዘይት ግፊቱም ደህና ከሆነ በመጽሐፉ ቀጥል። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይደለም።

ቁጥሮቹ የሚሉት እንዲህ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ ደብሊው ራሱ የክረምት ምልክት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያለውን ውፍረት ያሳያል፤ የሚለካውም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚያ ሙቀት 30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 40 ቁጥር ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ቁጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ድረስ ነው። ስለዚህ ከ30 ወደ 50 ስትዘል ውፍረቱን እጥፍ ልታደርገው ትችላለህ። ሞተር ደግሞ በብዛት የሚፋቀው ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ ገና ወደ ላይ ሳይደርስ ነው። ወፍራሙ ዘይት ያችን ጊዜ ያረዝማታል። የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ሞተር ከሆነማ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ለቀጭን ዘይት የተበጁ ናቸው።

ዘይት መጉደል ከጀመረ አንድ ደረጃ ብቻ ውጣ፦ 5ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-40። ብዙ መመሪያዎች በአየሩ ሙቀት መጠን የተፈቀዱትን ውፍረቶች የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው፤ እሱን ሳታይ አትወስን። መካኒክህን አልነቅፍም። እጁን የፈታው 20ደብሊው-50 ትክክለኛ ዘይታቸው በነበረ ሞተሮች ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ሞተሩ ይውረድ ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?

አይቸኩሉ። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ እንደ ጤና ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ግማሽ ሊትርም ለእኔ ብዙ ነው። ቢሆንም ሞተር ከማውረድ በፊት ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ይቀድማል።

ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ያንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካገኙ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከትልዎት። መኪናው አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል ማለት ነው። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርደው ነዳጅ ሲሰጡ ከሆነም ጥርጣሬው ወደዚያው ያመዝናል። ዳገት ላይ ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ነው፤ እሱን ዘይት አይፈውሰውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የምትመልስ ትንሽ ቫልቭ አለች። እሷ ስትደፈን ግፊቱ መውጫ ፍለጋ ዘይቱን በየማገጃ ጎማው ይገፋዋል። ወጣት ሳለሁ የአንድ መኪና የኋላ ማገጃ ጎማ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ሁለቱንም ጊዜ አፈሰሰ። በሦስተኛው ያችን ቫልቭ ነቅዬ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኋት፤ ጤነኛ ብትሆን ቸክ ቸክ ትል ነበር፣ እሷ ግን እንደ ድንጋይ ዝም። ባለመኪናውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከእሷ ይጀምሩ።

«ብዙ ኪሎ ሜትር ለሮጡ» ተብሎ የተጻፈበት ዘይት እውነት የተለየ ነው ወይስ ዋጋ ማስወደጃ?

የተለየ ነው እህቴ፤ ተአምር ግን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ120,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለሄዱ መኪኖች የሚቀርብ ነው። የደረቀ ጎማን የሚያለሰልስና ጥቂት የሚያሳብጥ ቅመም አለው፤ ማጽጃውም በርከት ይላል። ላቦት የመሰለ ማዣትን ይቀንሳል፤ ያም ቢሆን አንድ ሁለት ቅያሪ ይፈልጋል። የተቀደደ ጎማን አይሰፋም። መኪናሽ የማታዣና የማትጎድል ከሆነች ተራውን ጥሩ ዘይት በጊዜው መቀየር ይበቃታል።

ሲንተቲክ ዘይት አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲገባ ማፍሰስ ይጀምራል የሚባለውስ?

ወሬው ሥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲክ ዘይቶች ከዘመኑ ጎማዎች ጋር አይስማሙም ነበር፤ ቅመማው ከተስተካከለ ግን ቆይቷል። ዛሬም አንዳንዴ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፦ የተሰነጠቀ ጎማን ደፍኖ የኖረው ቆሻሻ ቀስ እያለ ይታጠብና ስንጥቁ ይገለጣል። ዘይቱ ቀዳዳውን አልፈጠረውም። ካልተመቸህ ወደ ተራው መመለስ ትችላለህ።

ሁለት ዓይነት ዘይት መቀላቀል ይቻላል?

ለጭንቅ ቀን አዎ። ለአንድ ዓይነት ሞተር የተሠሩና ውፍረታቸው የተቀራረበ ይሁኑ። ከተቀላቀለ ዘይት ይልቅ የጎደለ ዘይት ሞተር ይገድላል።

ካርቡሬተር ያላት የድሮ መኪና አለችኝ። አሁን ዕቃው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ነው የማገኘው። ይሆናታል?

ኤፒአይ የዘይት ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም ነው። ከፊደሎቹ ኤስ የቤንዚን፣ ሲ የናፍጣ ሞተር ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። በደንቡ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል።

አንተ ግን አንድ ነገር ማጣራት አለብህ። በብዙ የድሮ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ግፊቱን ወደ ቫልቮቹ የሚያደርሰውን ታፔት የሚገፋው እያሸው ነው፤ መሐል ላይ ተሽከርካሪ ሮለር የለም። ያን ፍትጊያ የሚከላከለው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ነው። ፎስፈረስ ግን ጭስ ማጣሪያውን፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ስለሚያበላሽ እንደ 5ደብሊው-30 እና 10ደብሊው-30 ባሉ ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች ላይ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። በ15ደብሊው-40 እና በ20ደብሊው-50 ላይ ያ ገደብ የለም። መጽሐፍህ የሚፈቅድ ከሆነ ከእነሱ ምረጥ። የመጀመሪያው ጠያቂ መካኒክ እዚህ ቢሆን ልክ ነበር።

ዘይት ከመቀየሬ በፊት በሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ ላጥበው?

ታሪኩን የማታውቀውን አሮጌ ሞተር? በፍጹም። አንድ ሰው ሞተሩን ባሳጠበ በሁለተኛው ቀን የዘይት መብራት በርቶበት መጣ። የዘይት መያዣውን ከሥር አወረድነው። ፓምፑ የሚስብባት ወንፊት ቀዳዳዋ አይታይም፤ በጣቴ ስጭራት ጥቁር አተላ ነው የወጣው። ፈሳሹ ለዓመታት የተጋገረውን በአንድ ጊዜ ፈንቅሎ ወደዚያች ወንፊት ሰድዶታል። ማጽዳት ከፈለግህ ጥሩ ዘይት ሙላና ለሁለት ሦስት ዙር በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ቀይር። ቀስ ብሎ የሚታጠብ ቆሻሻ ፊልትሮው ላይ ይቀራል።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር አየሁ። ቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄደ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በአጭር በአጭሩ ብቻ የሚነዳ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ይቀራል። ጥረገውና ረጅም መንገድ ንዳው። ካልተመለሰ እሰየው። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይትም ከነጣና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ ግን አንተ እንዳልከው ነው፤ ሞተሩን አታስነሳው።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር? ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል።

መቼ ምን እንደተሞላ የማይታወቅ ከሆነ ከ5,000 አታሳልፍ፤ ብዙ ባትነዳውም በዓመት አንዴ ቀይር። ጥቁረቱ አያስደንግጥህ፤ ማጽጃው ሥራውን እየሠራ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይማ በተቀየረ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል።

ጋሼ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስነዳ ይጠፋል። ወፍራም ዘይት ብሞላ ይሻለው ይሆን?

መብራቱ ይሻለው ይሆናል። ሞተሩ ግን እንዲያ አይታከምም። ሞተሩን አጥፋና ልኩን እይ፤ ከጎደለ ሙላ። ልኩ ሙሉ ሆኖ ብልጭ ካለ የመብራቱን ሴንሰር ነቅለው በቦታው የግፊት መለኪያ ሰዓት ይግጠሙልህ። በልማድ ሞተሩ ሲሞቅ በደቂቃ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጠበቃል። ሰዓቱ ደህና ካነበበ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ናት። ዝቅ ካለ ወይ ወንፊቷ ተደፍናለች፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የክራንክሻፍቱ ብሮንዚና፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ፣ ተበልቷል። ወፍራም ዘይት ሦስቱንም ለጥቂት ሳምንታት ይደብቅልሃል፤ ብሮንዚናው ግን በዚያ መሐል መበላቱን አይተውም።

እና እስከ ጋራዥ ነድቼው ልሂድ?

ልኩ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ብልጭ ካለ? አይሆንም። አስጎትተው።