ውሃውን ብቻ ለምትለኩ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት የውሃና የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለአዳዲሶቹ ሁሉ የምነግረውን አንድ ስህተቴን ለእናንተም ልጻፈው።

ወጣት ሳለሁ ከአንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ውሃ ቀድቼ ዲዲቲ የተባለውን የነፍሳት መግደያ መርዝ ፈለግሁበት። አጣሁ። «ሐይቁ ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የጻፍኩት ግን እውነት አልነበረም። ዲዲቲ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የሚስማማው ስብ ነው። ጎርፍ ከእርሻው ጠርጎ ሲያወርደው ደለሉ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ አልጌ የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት፣ አልጌውን የሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ እነሱን የሚበላ ትንሽ ዓሣ፣ እሱን የሚውጥ ትልቅ ዓሣ፤ በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የዝዋይን፣ የሐዋሳንና የቆቃን ዓሦች ሲመረምሩ ዲዲቲንና እሱ ሲፈራርስ የሚተርፈውን ዲዲኢ አገኙ። እኔ ዓሣውን አልመረመርኩም ነበር።

ስለዚህ ውሃ ስትቀዱ ዓሣም ያዙ። ዝርያውን፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የስቡን መጠን መዝግቡ። ይህ ከሌለ ቆሮሶን ከአምባዛ ማወዳደር አይቻልም፤ የዘንድሮውንም ከአምናው።

ዲዲቲ የረጩትን ሰዎች ግን አትውቀሱ። ልጅ ሆኜ የወባ ሠራተኞች መጥተው ግድግዳችንን ሲረጩ እናቴ ትመርቃቸው ነበር፤ ወባ ልጅ ወስዶባታል። እንዲህ ያሉ የማይጠፉ መርዞችን የሚያግደው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፈረም ለወባ መከላከያ እንዲቆይ ፈቅዷል። ጥፋቱ የመጣው ለግድግዳ የተባለው ወደ ጫትና ወደ አትክልት ማሳ ሲሾልክ ነው። ጅማ አካባቢ በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ውጤታችሁን ለሕዝብ ስትናገሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። «ዓሣ አትብሉ» ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ? በጾም ዓሣ የሚበላውስ ቤተሰብ? ለይታችሁ ንገሩ። አልጌ የሚበላው ቆሮሶ በአብዛኛው የሚይዘው ትንሽ ነው። ዓሣ የሚበሉት ትልልቆቹ ብዙ ይይዛሉ። ቆዳውንና የሆዱን ስብ ማውጣት፣ ስቡ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስ ዲዲቲውን ይቀንሳል። ሲቀቀል ስቡ ወደ ሾርባው ይወርዳል። ሌላው በዓሣ ውስጥ የሚገኝ መርዝ ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ስለሆነ ስብ ማንሳት አይጠቅምም፤ በሐዋሳ ሐይቅ፣ ሌሎች ዓሦችን በሚበላው ባርበስ በተባለው ዓሣ ላይ ሜርኩሪው ከፍ ብሎ ታይቷል። እነዚህን ሁለቱን አቀላቅሎ የሚመክር ሰው እናቶችን ያሳስታል።

ባለፈው ሁዳዴ በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል አንዲት እርጉዝ ልጅ የአምባዛውን ትልቅነት እያየች «አባቴ፣ ይኼ ይሻለኛል?» አለችኝ። ከጎኑ የተደረደሩትን ትንንሽ ቆሮሶዎች አሳየኋት፤ ለምን እንደሆነም ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሻጩም ቢላውን አስቀምጦ አብሮን ሰማ።